ከጋራው የመጡ ለቀስተኞች

ሚኒባሱ አስፋልቱ ላይ ጡሩምባውን ሲነፋ ሙሂዲን በለቅሶው ድንኳን ውስጥ ከተቀመጠበት ፍራሽ ብድግ አለ። አጠገቡ የተቀመጡት ለቀስተኞች ወሬያቸውን አቋርጠው አዩት። ጫማውን እየፈለገ ነበር።

«ወዴት ነው?» አለችው እህቱ ቀድሪያ፣ የሻይ ብርጭቆ የደረደረችበትን ትሪ እንደያዘች።

«የሸነን መኪና መጣ እኮ» አላት። ያለውን የሰማው ከአፉ ከወጣ በኋላ ነው። ጫማውን ትቶ ተመልሶ ተቀመጠ። ቀድሪያም ፊቷን በሻሿ ጫፍ ሸፍና ወደ ጓዳ ገባች።

ሚስቱን ሳቢራን ከቀበሩ ገና ሁለተኛ ቀናቸው ነው። የአምቦ ነጋዴ ሁሉ ሱቁን እየዘጋ ይመጣል፤ «አላህ ሶብሩን ይስጥህ፤ ባዶ ቤት ከባድ ነው» ይለዋል። ሙሂዲን አሜን ይላል እንጂ ነገሩ እንደሱ አልነበረም። ቤቱ ያለ ሳቢራ መዋል ማደሩን ለምዶታል። በየዓመቱ ክረምቱ ሲወጣ፣ በሸነን መኪና ተሳፍራ ጅባት ጋራ ላይ ወዳለው የእደ ጥበብ ትምህርት ቤት ስፌት ልታስተምር ትሄድ ነበር። ያኔም ልጃቸው ሰልሳቢል ወጡን ታሳርራለች፤ ያኔም አልጋው በአንድ ጎኑ ቀዝቅዞ ያድራል። ይህን ቤቱ ያውቀዋል። የማያውቀው አለመመለሷን ነው።

ነገሩ የተጀመረው በሱቁ ነው። የትምህርት ቤቱ ኃላፊ ክር ሊገዛ ገብቶ ከመደርደሪያው በላይ የተሰቀለውን ሌማት አየና ዋጋ መጠየቁን ረሳ። «ይህን የሰፋው ማነው?» አለ። ሳቢራ ከስልጤ፣ ከእናቷ ቤት ይዛው የመጣችው ሙያ ነበር። ኃላፊው መጥታ ታስተምርልን ሲል ሙሂዲን «ለአንድ ሳምንት ከሆነ ትሂድ» አለ። ሳምንቱ አልፎ ሌላ ሳምንት ተደረበ። ስትመለስ ፊቷ በጋራው ፀሐይ ጠቁሮ፣ ጣቶቿ ተልጠው ነበር።

«ማስተማሩን ስጨርስ የቀርከሃ ወርክሾፕ ጀመሩ። እኔም ተማሪ ሆኜ ቁጭ አልኩ» አለችው።

በዓመቱ «አብረን እንሂድ» አለችው። «ጠዋት ደመናው ከእግርህ በታች ተኝቶ ታየዋለህ።»

«ሱቁን ለማን ትቼ?» አላት። እሷም ደግማ ደጋግማ አልጠየቀችውም። ጥቂት ዓመታት ብቻዋን ተመላለሰች፤ ከዚያ መንገዱ ታወከና ወደዚያ የሚሄድ መኪና ጠፋ። መንገዱ ሲከፈት ደግሞ ሳቢራ አልጋ ያዘች።

ጡሩምባውን የነፋው ሚኒባስ ግን አላለፈም። ድንኳኑ በር ላይ ቆመና ጋቢ የለበሱ ሽማግሌ ወረዱ፤ ከኋላቸው ሦስት ሴቶች ተከተሉ። ልብሳቸው አቧራ ጠጥቷል።

«የእማ ሰዎች ናቸው!» አለች ሰልሳቢል። በእናቷ ስልክ ላይ ካለው ፎቶ ታውቃቸዋለች።

ሽማግሌው የሙሂዲንን እጅ በሁለት እጃቸው ያዙ። «ኦቦ ሙሂዲን፣ ረቢ ኢስን ሃጀቤሱ። እግዜር ያጽናዎት። ለሜሳ እባላለሁ፤ ቀርከሃ የማስተምረው እኔ ነኝ። ሳቢራ ተማሪዬ ነበረች።» ተቀመጡና ራሳቸውን ነቀነቁ። «እንደሷ ያለ ሰነፍ ተማሪ ግን በዕድሜዬ አላየሁም።»

ሙሂዲን ቀና ብሎ አያቸው። በትዳር ዘመናቸው የሳቢራ እጅ ሲሳሳት አይቶ አያውቅም።

«ቀርከሃው በሰነጠቀችው ቁጥር ይሰበርባታል። አንድ ጊዜ ቅርጫት ሠርታ ስታቆመው ዞሮ ተደፋ። ብታቆመው ተደፋ። ብታቆመው ተደፋ።»

«ተናደደች?» አለ ሙሂዲን።

«ኧረ ሳቀች! መሬት ላይ ተቀምጣ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። እኛንም ጨረሰችን።»

ሙሂዲን ያንን ሳቅ በጆሮው ፈለገው። የሚያውቀው ሳቋ እጇን አፏ ላይ አድርጋ የምትስቀው ነው።

«ደግመው ይንገሩኝ» አላቸው። ኦቦ ለሜሳም ከመጀመሪያው ጀምረው ደገሙለት።

ሴቶቹ የሳቢራ የስፌት ተማሪዎች ናቸው፤ አንዷ ሃዋኒ ትባላለች። ሻይዋን ሳትነካ ፌስታሏን ፈትታ ሙዳይ አወጣች። ባለ አለላ፣ ያማረ ሙዳይ ነው፤ ክዳን ግን የለውም።

«ሁላችንም ጋ እንዲህ ነው ያለው» አለች። «ሳቢራ የክዳኑን ስፌት በሚመጣው ዓመት አሳያችኋለሁ ብላን ነበር የተለያየነው። ኦቦ፣ ሰልሳቢል ሙያውን እንደምታውቅ እሷው ነግራናለች። ለአንድ ሳምንት ይስጡን።»

«የእናቷ አፈር ሳይደርቅ?» አለች ቀድሪያ።

ሙሂዲን ልጁን አያት። ሰልሳቢል መሬት መሬቱን ታያለች። አንገቷን መድፋቷን አይቶ መሄድ እንደምትፈልግ አወቀ።

«አልችልም» አለ። «መኪና በቆመ ቁጥር የምነሳ ሰው ሆኛለሁ። እሷንም ሰድጄ በሁለት ልብ ልጠብቅ?»

ሃዋኒ ሙዳይዋን መልሳ ከተተች። «እውነትዎን ነው» አለች።

እንግዶቹ እዚያው አደሩ። በማግስቱ ሙሂዲን ከመስጊድ ሲመለስ ሴቶቹ ድንኳኑ ጥግ ሰልሳቢልን ከበው ተቀምጠዋል። ልጅቷ ወስፌ ይዛ የክዳኑን እምብርት ጀምራለች። አለላውን ከንፈሯ ላይ አርጥባ ስታጠብቀው፣ አንገቷን ወደ ግራ ዘንበል ስታደርግ፣ ሙሂዲን ሳቢራን ያየ መሰለው።

«ለቅሶ ቤት ስፌት ይሰፋል? ሰው ምን ይላል? ተናገራት እንጂ!» አለችው ቀድሪያ።

እሱ ግን «ያልቃል?» ሲል ልጁን ጠየቃት።

«በአንድ ጠዋት አያልቅም አባ። ክዳን ከአፉ ጋር እየተለካ ነው የሚሰፋው።» ወስፌውን ለሃዋኒ ሰጠቻት። «እዚህ ድረስ ካየችው ትሞክረዋለች።»

ሃዋኒ ሞከረች። ጠመመባት። ፈታችው፤ እንደገና ጠመመባት። ውጭ ሾፌሩ ሞተር አስነሳ። ኦቦ ለሜሳ ጋቢያቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው ተነሡ፤ ሴቶቹም አለላውን መሰብሰብ ጀመሩ።

«ጋራው ላይ ይበርዳል?» አለ ሙሂዲን።

ሃዋኒ ቀና አለች። «ጠዋት ጠዋት ያንቀጠቅጣል ኦቦ።»

ወደ መኝታ ቤት ገብቶ የሳቢራን የሱፍ ሹራብ ይዞ ወጣ። ባለፈው ከጋራው ለብሳው የመጣችው ነው፤ እጅጌው ላይ የሰንደዶ ስባሪ እንደተጣበቀ ነበር።

«በሚመጣው ሳምንት እኔው መጥቼ አመጣታለሁ» አለ፣ ለማን እንደሚናገር ሳይለይ። «ሱቁ ይዘጋል።»

ሰልሳቢል ሹራቡን ለበሰች። ቀድሪያ እያለቀሰች ስባሪዎቹን ከእጅጌው ልትለቅም እጇን ሰደደች። ሙሂዲን እጇን ቀስ ብሎ ያዘው።

«ተያቸው» አላት።

የአምቦ ፀሐይ ድንኳኑን አግሎታል፤ ሰው ሁሉ ያልበዋል። እሱ ግን ልጁ ፊት ቆሞ የሹራቡን ቁልፎች ከታች ጀምሮ አንድ በአንድ እስከ አንገቷ ድረስ ቆለፈላት።