የሚያነክሰው የልብ ምት

ፊደል የቆጠርኩት በአርባ ሦስት ዓመቴ ስለሆነ፣ ሳነብ ጣቴን ከቃሉ ሥር አስኬዳለሁ። የሆስፒታሉን ቅጽም እንደዚያው ሳነብ ነርሷ ሁለት ጊዜ ሰዓቷን አየች። ልጄ አሥራ ስምንት ዓመት ስላልሞላት ፈራሚዋ እኔ ነበርኩ።

«እናቴ፣ ይኼን እኮ ማንም አያነበውም። ይፈርሙ በቃ» አለች ነርሷ።

«የማስረክባችሁ ልጄን ነው። አነባለሁ» አልኳት።

ሦስተኛው ገጽ ላይ ጣቴ ቆመ። «በምርመራው ጊዜ የልብ ምቱ ሆን ተብሎ እንዲዛባ ይደረጋል» ይላል። የተሳሳትኩ መስሎኝ «ሆን ተብሎ» የሚለውን ፊደል በፊደል ለቀምኩት። አልተሳሳትኩም።

የልጄን አባት የወሰደብኝ ይኸው የተዛባ ምት ነው፤ የረጋ ደም ወደ ጭንቅላቱ ልኮ። ደረቱ ላይ ስተኛ እሰማው ነበር። ሁለቱን ቶሎ ቶሎ፣ አንዱን አዘግይቶ፣ ከዚያ እንደ መሮጥ፤ ደረጃ የሚወጣ አንካሳ ይመስላል። እሱ ግን «ልቤ ጭፈራ አምሮት ነው» እያለ ይስቅብኝ ነበር። በሞተ በአራተኛው ዓመት ልጄ ከትምህርት ቤት ደክሟት መጥታ ተጋደመች። ጆሮዬን ጀርባዋ ላይ ባሳርፍ ያው አንካሳ መጣ። ከዚያ ወዲህ በየቀኑ አዳምጣታለሁ።

ዶክተሩን አስጠራሁት።

«ዶክተር፣ ልታድኗት ነው ወይስ ልታስነሱባት?»

አጠገቤ ቁጭ አለ። «የልቧ ኤሌክትሪክ ከየት ተነስቶ እንደሚበጠብጣት በደንብ የምናየው ሲበጠብጣት ነው። ካርታውን ሠርተን ቦታዋን በሙቀት እንተኩሳታለን። ዝም ካለ ግን አናገኘውም። አጠገቧ ነን፣ አይስጉ።»

ልጄ ከአልጋው ሆና «እማዬ፣ ፈርሚ እንጂ! ከትናንት ጀምሮ አልበላሁም። አንቺ አንብበሽ እስክትጨርሺ እኔ ሠላሳ ዓመት ይሞላኛል» አለች። ሳቀች፤ ከንፈሯ ግን ነጥቶ ነበር።

ፈረምኩ። የስሜ የመጨረሻዋ ፊደል ተንጋደደች።

ከመስታወቱ ጀርባ አስቀመጡኝ። አደንዝዘዋት በብሽሽቷ በኩል ቀጭን ሽቦ ልቧ ድረስ አስገቡ። ስክሪኑ ላይ ልቧ ግራጫ ሆኖ መጣ፤ ሽቦው የነካው ቦታ ሁሉ ቀለም ያወጣል። ማሽኑ በየምቱ ጢጥ ይላል፤ እኩል፣ እኩል።

«አሁን እናስነሳው» አለ ዶክተሩ።

መጣ። ሁለቱ ቶሎ ቶሎ፣ አንዱ ዘግይቶ። ስክሪኑ ላይ ቀዩና ሐምራዊው እየተባረሩ ይሽከረከራሉ፤ እኔ ግን ዓይኔን ትቼ በጆሮዬ ብቻ ነበርኩ። ባሌ ደረጃውን እየወጣ ነበር። ተነስቼ መስታወቱን በመዳፌ ነካሁት። «ተዉት፣ አትንኩት» ልል አፌን ከፈትኩ። ልጄ እዚያ ተኝታ እያየኋት!

አፌን በእጄ ያዝኩ። ተኮሱት። አንካሳው ሁለት እርምጃ ሄደ፤ አንድ ጨመረ፤ ቆመ። ከዚያ ጢጥ፣ ጢጥ፣ ጢጥ።

በማግስቱ ቤት ገብተን ከሰዓት በኋላ ስትጋደም፣ እንደ ልማዴ ጆሮዬን ጀርባዋ ላይ አሳረፍኩ።

«ምን ይላል እማዬ?»

«ደህና ነው። ቀጥ ብሎ ይሄዳል።»

«ታዲያ ምን ያስለቅስሻል?»

«ደስ ብሎኝ ነው» አልኳት። እሱም እውነት ነው። ግን ጆሮዬን ሳላነሳ ብዙ ቆየሁ። የአባቷ አንካሳ ምት በእሷ ጀርባ ከተመለሰ ወዲህ ቤት ውስጥ ሁለት ብቻ ስንሆን ያ የመጀመሪያው ቀን ነበር።