ቀጥ ያለ ድምፅ

ረቡዕ ረቡዕ ልምምዳችን አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይጀምራል። እኔ ሁልጊዜ ሩብ ጉዳይ ላይ አዳራሹ በር ላይ ነኝ። የዚያን ዕለት ግን ከሰፈሬ ከጎፈር ሜዳ ያሳፈረኝ ባጃጅ መንገድ ላይ ለማንም ስላልቆመ አሥር ሰዓት ተኩል ላይ ደረስኩ። በሩ ገርበብ ብሏል። ውስጥ ዘማሪዎቹ በሙሉ፣ ከእኔ በቀር ማለቴ ነው፣ አንዲት "አ" ይዘው ድምፃቸውን ያርገበግባሉ። ግጥም የለ፣ ዜማ የለ፤ ዝም ብሎ መርገብገብ ብቻ። በሩን ገፋ አድርጌ ስገባ ሁሉም በአንድ ጊዜ ጸጥ አሉ።

ያንን ጸጥታ አውቀዋለሁ። ሠላሳ አንድ ዓመት ሒሳብ አስተምሬያለሁ፤ ተማሪዎቼ የሚያስታውሱኝ ግን በሒሳቡ ሳይሆን በፈተና ቁጥጥሬ ነው። እጅጌ ውስጥ የተጠቀለለ ወረቀት፣ ላጲስ ላይ የተጻፈ ቀመር፣ ለ"ሀ" አንዴ፣ ለ"ለ" ሁለቴ ማሳል፣ ከእኔ ያመለጠ የለም። ፈታኝ ሲገባ ክፍል ዝም የሚለው በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛው አክብሮት ነው። ሁለተኛው የተደበቀ ነገር ሲኖር ነው። የረቡዕ ዕለቱ ሁለተኛው ነበር።

"ጋሼ፣ ዛሬ ቀደም አሉ!" አለኝ ዕንባቆም። ዕንባቆም አሠልጣኛችን ነው። የአንጋጫ ልጅ ነው፤ አዲስ አበባ ሙዚቃ ተምሮ ከመጣ ገና ሁለት ዓመቱ ነው።

"እናንተስ አልቀደማችሁም እንዴ?" አልኩት።

ሳቀ። አሳሳቁን ቀልቤ አልወደደውም።

ለምን እንደከነከነኝ በግልጽ ልናገር። በቤተ ክርስቲያናችን "ሀ" መዘምራን፣ በዋናው ቡድን ውስጥ፣ ሠላሳ ስምንት ዓመት ቤዝ፣ ወፍራሙን የወንድ ድምፅ፣ ዘምሬያለሁ። ሳላገባ ገባሁ፤ አገባሁ፣ ወለድኩ፣ ጡረታ ወጣሁ፣ አሁንም እዚያው ነኝ። እኛ ጋ ዘማሪ ሲያረጅ ማንም "አርጅተሃል" አይለውም። አንድ እሑድ ከጉባኤው ፊት ይጠሩታል፤ ሽማግሌዎች እጃቸውን ጭነው ይጸልዩለታል፣ ጋቢ ያለብሱታል፣ "የመዘምራን አማካሪ" ብለውም ይሾሙታል። ከዚያ በኋላ ግን አማካሪውን የሚያማክር ሰው አይቼ አላውቅም። አብሮኝ የገባው ወንዳፈረው፣ የቴነሩ፣ የቀጭኑ የወንድ ድምፅ፣ ወንዳፈረው፣ ከሁለት ዓመት በፊት ተሾመ። አሁን ሦስተኛው ወንበር ላይ ጋቢውን ለብሶ ይቀመጣል፤ እኛ ስንዘምር የእሱም ከንፈር ይንቀሳቀሳል። ያንን ከንፈር ሳይ እፈራለሁ። ሞትን እንኳን እንደዚያ አልፈራም።

ከአምስት ሳምንት በኋላ ደግሞ ዱራሜ ላይ ትልቅ ጉባኤ አለ፤ የምንዘምረው እኛ ነን። ሰውን ከመዘምራን ለማሰናበት ከትልቅ ጉባኤ በፊት ካለው ጊዜ የተሻለ የለም። ስለዚህ ማስረጃ መሰብሰብ ጀመርኩ።

የመጀመሪያው የቆምኩበት ቦታ ነው። ዕንባቆም ከፋሲካ በኋላ "ድምፁ እንዲመጣጠን" ብሎ ከማይክራፎኑ አጠገብ አንስቶ መሀል ላይ አቁሞኛል፤ በቀኜ የቀድሞ ተማሪዬን ታዴዎስን፣ በግራዬ ሌላ ጎረምሳ አድርጎ። ሁለተኛው ስልክ ነው። ታዴዎስ ኪሱ ውስጥ ስልኩ ጮኸበትና ሲያወጣው ዓይኔን ጣል አደረግሁ፤ "ረቡዕ አሥር ሰዓት፣ ማንም እንዳይቀር" ይላል። እኔ ጋ እንዲህ ያለ መልእክት ደርሶ አያውቅም። ሦስተኛው ጵርስቅላ ናት። ጵርስቅላ የመዘምራኑ ሰብሳቢ ናት፤ የዱራሜ ሰው ስለሆነች፣ ዕንባቆምም የዚያው አካባቢ ልጅ ስለሆነ፣ ከእሱ ጋር ምስጢር ሲኖራቸው በከምባትኛ ነው የሚያወሩት። እኔ በሀድይኛ አፌን የፈታሁ ሰው ነኝ፤ ከምባትኛውን ብዙም አልይዘውም። ያም ሆኖ በረንዳው ላይ ሲንሾካሾኩ ስሜ ሦስት ጊዜ ሲነሣ ሰምቻለሁ።

ለባለቤቴ ለራሄል ነገርኳት።

"አንተ ደግሞ! ሰው ሁሉ ኮራጅ ይመስልሃል" አለችኝ።

ይህን ስትል ግን ዓይኗ ከምትልጠው ድንች ላይ አልተነሣም። እሷንም መዘገብኳት።

በሚቀጥለው ሳምንት ታዴዎስን ብቻውን አገኘሁትና ያዝኩት። ታዴዎስ ሲዋሽ ጆሮው ይቀላል፤ ስምንተኛ ክፍል እያለ ጀምሮ አውቀዋለሁ።

"እኔ ሳልመጣ የምትለማመዱት ምንድነው?"

"ቫይብራቶ ነው ጋሼ። ድምፅን ማርገብገብ። በመሣሪያ አይደለም፣ በራስ በተፈጥሮ ድምፅ ነው። ዕንባቆም እያስተማረን ነው።"

"እኔንስ የማያስተምረኝ ለምንድነው?"

ጆሮው ቀላ። "እርስዎ... እርስዎ አያስፈልግዎትም።"

ደሜ ፈላ። ነገሩ አሁን ግልጽ ሆነልኝ። አዲስ የአዘማመር ስልት ያመጣሉ፤ ዱራሜ ላይ ሁሉም በዚያ ይዘምራል፤ የማይችል ሽማግሌ ከመሀላቸው እንደ ተሰበረ ጥርስ ይታያል። ከዚያ ማንም "ውጣ" ሳይለው ራሱ ይወጣል። ፈተናውን ለሁሉም ነግረው ለአንድ ተማሪ ብቻ ሳይነግሩት መቅረት ማለት ይህ ነው። እንዲህ ዓይነት ተንኮል ከጵርስቅላ አልጠበቅሁም ነበር፤ አዘንኩባት።

ግን እኔ ሳላጠና ፈተና የምቀመጥ ሰው አይደለሁም። ስልኬ ላይ ፈልጌ አንድ የሚያስተምር ሰው አገኘሁ። ጓሮ፣ እንሰቱ መሀል ገብቼ አዳመጥኩት። ጉሮሮህን አታስጨንቅ፣ አገጭህን ልቀቀው፣ ትንፋሹን ከሆድህ አምጣ ይላል። መጀመሪያ አንድ ድምፅ ቀጥ አድርገህ ያዝ፤ ቀጥሎ ሆድህን በመዳፍህ ገፋ ገፋ አድርግ፤ በመጨረሻ እጅህን አንሣና ድምፅህ ራሱ እንዲረገበገብ ተወው። ወር ሁለት ወር ይፈጃል፣ ተስፋ አትቁረጥ አለ። ቀጥ አድርጎ መያዙን ዘለልኩት፤ ሠላሳ ስምንት ዓመት ቀጥ አድርጌ ይዤ የለም እንዴ?

መዳፌን ሆዴ ላይ አድርጌ "አ" አልኩ።

መጣ! ሆዴን ሳልገፋው መጣ። ሰፋ ሰፋ ብሎ፣ ዝግ ብሎ፣ ልክ ሰውዬው እንዳለው። እጄን አነሣሁ፤ አሁንም ይረገበገባል። እነ ታዴዎስ ስንት ሳምንት በሩን ዘግተው የሚታገሉለትን ነገር በአንድ ከሰዓት ያዝኩት። ደስታዬን ልደብቅ አልችልም፤ እንሰቱ መሀል ብቻዬን እጄን አጨበጨብኩ።

"ጋሽ ተገኘ፣ ብርድ ብርድ አለዎት እንዴ?" አለችኝ በአጥሩ በኩል ጎረቤቴ ሀሚዳ። በርበሬ ነጋዴ ናት፤ ከገበያ መመለሷ ነበር።

"ጥበብ ነው እንጂ ምን ብርድ አለ!" አልኳት። አንገቷን ነቅንቃ ገባች። ሰው ከሙዚቃ ሲርቅ እንዲህ ነው ብዬ አለፍኳት።

ሰኞ ከሰዓት አዳራሽ ሄድኩ። ዕንባቆም ብቻውን የማይክራፎን ገመድ እየጠቀለለ ነበር።

"ተቀመጥ፣ ስማኝ" አልኩት።

ተቀመጠ። ደረቴን ነፍቼ ለቀቅኩት። እስከ ትንፋሼ መጨረሻ አረገበገብኩት። ጨርሼ ፊቱን አየሁ። እንዲደነግጥ ጠብቄ ነበር፤ የተያዘ ሰው ይደነግጣል። ዕንባቆም ግን ገመዱን እያየ "በጣም ጥሩ ነው ጋሼ" አለ። ድምፁ ታማሚ የሚጠይቅ ሰው ድምፅ ነበር።

"ምን ደበቅከኝ?"

"ምንም ጋሼ።"

"እንግዲያው ፈትነኝ። እነሱን የምትፈትናቸውን እኔንም ፈትነኝ።"

"ይቅር ጋሼ።"

"ፈትነኝ አልኩህ!"

ገመዱን ወለል ላይ አስቀመጠው። "ቫይብራቶ የሚፈተነው..." ብሎ ንግግሩን ገታ አደረገ። "የሚፈተነው በመጀመር ሳይሆን በማቆም ነው። ቀጥ አድርገው ይጀምራሉ። እጄን ሳነሣ ያረገበግባሉ። እጄን ሳወርድ ተመልሰው ቀጥ ያደርጉታል።"

ቀላል ነው ብዬ ጀመርኩ። እጁ ገና ጭኑ ላይ ነው፤ የእኔ ድምፅ ግን ተረገበገበ። አቆምኩና እንደገና ጀመርኩ። ተረገበገበ። ጉሮሮዬን ጠርጌ፣ ዓይኔን ጨፍኜ፣ የወንበሩን መደገፊያ ጨብጬ ጀመርኩ። ያ ሠላሳ ስምንት ዓመት በእጄ የነበረ ድምፅ፣ ግድግዳ የሚደገፍበት ይሉት የነበረ ቤዝ፣ ቀጥ አልልህ አለኝ። ሀሚዳ ብርድ ያለችው ይህንን ነው።

ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩ። ሁሉን ሰው ስጠረጥር የራሴን ጉሮሮ አንድ ቀን እንኳ አልጠረጠርኩትም ነበር።

"ከመቼ ጀምሮ ነው?" አልኩት።

"ከገና በኋላ ጀምሮ ይሰማል። ሽማግሌዎቹም ሰምተውታል። ዱራሜ ላይ ደህና አድርገን እናዳምጠውና ከቤዙ ድምፅ ተለይቶ ከተሰማ ሽኝት እናደርግለታለን ብለው ለጵርስቅላ ነገሯት።"

"እሷስ?"

"ሰበሰበችን። 'የጋሼ ድምፅ የሚለየው ብቻውን ስለሚንቀጠቀጥ ነው፤ ሁላችንም ካንቀጠቀጥን ማን ይለየዋል?' አለችን። ቫይብራቶ አስተምረን ያለችኝ እሷ ናት።"

መጀመሪያ የመጣብኝ ንዴት ነው። ውለታ መሆኑ ገብቶኛል፤ ቢገባኝም ተናደድኩ። "በእግዚአብሔር ቤት ኩረጃ! ሃያ ሁለት ሰው ተስማምቶ ለአንድ ሰው ኩረጃ!" ብዬ ጮህኩበትና ወጣሁ። ለጓደኛው መልስ ያቀበለውን ልጅ ስንቴ ወረቀቱን ቀድጄበታለሁ። ባጃጅም አልያዝኩም፤ እስከ ቤቴ በእግሬ እያጉረመረምኩ ሄድኩ።

ራሄል ገና ፊቴን ስታየው ገባት። እሷም ታውቅ ኖሯል።

"ሃያ ሁለት ሰው ሥራውን ጥሎ ለአንተ ሲል ሲንቀጠቀጥ ይውላል፤ አንተ ትቆጣለህ" አለችኝ። "ታዴዎስ ጉሮሮው እስኪቆስል ነው የተለማመደው። እኔ ነኝ ማር በሎሚ የሰጠሁት።"

ማክሰኞን ሙሉ ከቤት አልወጣሁም። መቅረት እንደምችል አሰብኩ፤ ራሴ ሄጄ ለሽማግሌዎቹ በቃኝ ማለት እንደምችልም አሰብኩ። ክብር ያለው እሱ ነው። ግን አልፈለግሁም። መዘመር ነው የምፈልገው። ይህንን ለመናገር ያፈርኩትን ያህል በሕይወቴ ያፈርኩበትን ቀን አላስታውስም።

ረቡዕ አሥር ሰዓት ላይ ሄድኩ። በሩን ስከፍት እንደዚያን ዕለቱ ጸጥ አሉ። ዕንባቆም ነግሯቸዋል፤ ከፊታቸው ያስታውቃል። ጵርስቅላ ወደ እኔ መጣች።

"ጋሼ፣ ማንንም አልዋሸንም" አለችኝ። "ሁላችንም የምንዘምረው በገዛ ድምፃችን ነው። ቅር ካለዎት ግን ዛሬውኑ እንተወዋለን።"

ዞር ብዬ አየኋቸው። ታዴዎስ ጆሮው ቀልቷል፤ አሁን ግን የሚዋሽ አይመስልም። እንባዬ መጣ፤ እንዳይወርድ ቶሎ መናገር ነበረብኝ።

"በዚህ አያያዛችሁ ዱራሜ ላይ ሁላችሁም ትያዛላችሁ" አልኩ። "ታዴዎስ እንደ ባጃጅ ሞተር ያጣድፈዋል። ሶፕራኖዎቹ ሴቶች መጨረሻው ላይ ብቻ ነው ትዝ የሚላቸው። የእኔ እንደዚያ አይደለም። የእኔ ዝግ ያለ ነው፣ ሰፊ ነው፣ ከመጀመሪያው ጀምሮ ነው። ሽማግሌዎቹ ጆሮ አላቸው፤ ወዲያው ይለዩታል።"

ወደ ረድፌ አልሄድኩም። ፊት ለፊታቸው፣ ዕንባቆም የሚቆምበት ቦታ ላይ ቆምኩ። እሱ ራሱ ሄዶ ቤዞቹ መሀል፣ የእኔ ቦታ ላይ ገባ።

"እንዲህ ነው" አልኩና "አ" ብዬ ለቀቅኩት። ቀጥ ላድርገው ብዬ አልታገልኩም።

ዓይናቸውን አፌ ላይ ተክለው አዳመጡ። ከዚያ ጵርስቅላ ቀስ ብላ ጀመረች። ታዴዎስ ገባ፤ አጣደፈው፣ በእጄ ዝግ በል አልኩት፣ ዝግ አለ። ሌሎቹም አንድ በአንድ ተከተሉ። ሃያ ሁለቱም ቆመው እርጅናዬን አጠኑ። ትንፋሼ አልቆ ሳቆም እነሱ አላቆሙም ነበር። አፌን ዘግቼ ቆሜ፣ ድምፄን ከእነሱ ውስጥ ሰማሁት።