ከላይ ወደ ታች የተሠራው ጀልባ

ባለ ሰማያዊ ካፖርቷ ሴት ከባሕሩ ዳር ቆማ ጀልባ ሠሪውን ስትጠብቅ፣ ልክ የቴሌቪዥኑ ድራማ ስልሳ አንደኛ ክፍል እንዳለቀ፣ የላሊበላ መብራት ድርግም አለ። ሐምሌ 2009 ነበር። ትራንስፎርመሩ ተቃጠለ አሉ። ነገ ይመጣል አሉ። ከዚያ ወዲያ ማለቱንም ተዉት።

ለሌላው ሰው ነገሩ የሻማ ጉዳይ ነበር፤ ለፀደይ ግን ከሻማ በላይ ሆነባት። ፀደይ ፎቶ ኮፒ ቤት ተቀጥራ የምትሠራ የሃያ ስድስት ዓመት ልጅ ናት። አባቷ መሪጌታ፣ ሁለቱ ወንድሞቿ ዲያቆናት ናቸው። ሦስት ድምፀ መረዋዎች ገበታ ላይ ሲነጋገሩ እሷ ሠላሳ ቃል ከተናገረች ብዙ ነው፤ ከሠላሳው ሃያው «ወጥ ልጨምር?» ነው። በዚህ ዓለም ላይ የምትደመጥበት አንድ ቦታ ብቻ ነበራት፤ ፌስቡክ ላይ ያለው «ዝም ብለን እናውራ» የሚባለው ግሩፕ።

ግሩፑ አርባ ያህል አባላት አሉት፤ አብዛኞቹ የላስታ ልጆች፣ ፊት ለፊት የተያዩት ግን ጥቂት። የማይወራበት ነገር የለም። አንዱ ፀጉሬን ላሳድግ ወይስ ልቆረጥ ብሎ ድምፅ ያሰጣል። የሙጃው መምህር ወንዴ በእርሳስ የሣላቸውን በጎች ይለጥፋል፤ በጎቹ ሁሉ ርዕሰ መምህሩን ይመስላሉ እየተባለ ይታማል። መሥራቹ ሙሉሃብት ወረዳ ውስጥ የሚሠራ ጎልማሳ ነውና ሕግ አውጥቶለታል፦ ፖለቲካ ክልክል፣ ስድብ ክልክል፣ «እንደምን አደራችሁ» ግዴታ።

የፀደይ ድርሻ ድራማው ነበር። በአማርኛ የተተረጎመውን የቱርክ ድራማ ማታ ቤቷ ታይና ጠዋት ሱቁን ስትከፍት ቴሌቪዥን ለሌላቸው ትጽፍላቸዋለች። ብልባላ ጤና ኬላ የምትሠራው ባንቺዓለም አንድ ቀን «እታለም፣ ሰው ተሰልፎ ቆሞ እያየኝ ነው የማነብሽ፤ እግዜር ይቅር ይበለኝ» ብላ ጽፋላት ነበር። ይህችን መልእክት ፀደይ ስንት ጊዜ እንዳነበበቻት ባይነገር ይሻላል።

መብራት በጠፋ ማግስት፣ ከሆቴል ጀነሬተር በልመና ቻርጅ ያደረገችውን ስልክ አወጣች። መብራት ጠፍቶ ኔትወርኩ በምን እንደሚሠራ እግዜር ይወቅ፤ ብቻ ይሠራል። «መብራት ስለሌለ አላየሁም» ልትል ነበር። ባንቺዓለም ቀድማታለች።

«መጣ? ጀልባ ሠሪው መጣላት?»

ፀደይ ቀና አለች። ከሱቁ በር ወዲያ፣ ከከተማው በታች ያለው አገር በጉም ተሞልቷል። መንደር የለ፣ ማሳ የለ፤ የተራሮቹ ጫፎች ብቻ እንደ ደሴት እዚህም እዚያም ብቅ ብቅ ብለዋል። ጉሙ ያለ ድምፅ እየመጣ የገደሉን ጠርዝ ይልሳል፣ ይመለሳል፣ ደግሞ ይመጣል። የሆነ ቦታ አህያ አናፋ፤ ከውኃ ሥር የሚመጣ ድምፅ ይመስል ነበር።

«አልመጣም» ብላ ጻፈች። «ልትፈልገው ወደ ተራራ ወጣች።»

እንዲህ ተጀመረ። ሥራ በሌለባቸው ጠዋቶች፣ ከሞተው ማሽን አጠገብ ተቀምጣ፣ ባለ ካፖርቷን በጉም ውስጥ አስኬደቻት። መንገዱ ከእግሯ ፊት አንድ እርምጃ ብቻ ይታያታል፤ ቀጥሎ ሌላ አንድ እርምጃ። በአምስተኛው ቀን መዶሻ ሰማች። ጀልባ ሠሪው ባሕሩን ተቀይሞ ተራራ ላይ ጀልባ እየሠራ ነበር። በእንጨት አይደለም፤ እንጨት ይበሰብሳል። አንድ ትልቅ አለት መርጦ፣ ከጫፉ ጀምሮ ወደ ታች፣ ዙሪያውን እየቆፈረ፣ ውስጡን እየፈለፈለ ነው።

ፀደይ በዚህ አልተገረመችም፤ ማንም አልተገረመም። እንዲያውም ግሩፑ እንዲህ ሞቆ አያውቅም።

«ድንጋዩ ቀይ ነው ጥቁር?» አለ ወንዴ። «ቀይ ከሆነ ለመሮ ይመቻል። ጥቁር ከሆነ ወዮለት!»

«የውኃ መውረጃ ይተውለት እንጂ፤ ዝናቡ ሲበረታ ጉድጓዱ ይሞላበታል» አለ ሌላው።

«አቧራው ለሳንባ መጥፎ ነው» አለች ባንቺዓለም፤ «አፉን በጨርቅ ይሸፍን በይልኝ።» ፀደይም በማግስቱ አሸፈነችው።

ሙሉሃብት ሳይቀር «ታታሪ ሰው ነው፤ ለወጣቱ አርአያ ይሆናል» ብሎ ጻፈ።

ሦስት ሳምንት ሆነ። ከዚያ ከአባላቱ አንዱ፣ የአብስራ፣ መጣ። የአብስራ አዲስ አበባ ለሥልጠና ሄዶ ሰንብቶ፣ የግሩፑን ወሬ ከላይ እስከ ታች ባንዴ አነበበ።

«የምን አለት ነው? ድራማው ትናንት አለቀ እኮ! ሰባ ስድስተኛው ክፍል ላይ ጠበቃውን አገባች። ጀልባ ሠሪው ከሞተ ቆየ። ደግሞ ቱርክ ጀልባ ከአለት ይፈለፍላል? ላሊበላ መሰላችሁ?»

ሠላሳ አንድ ሰው አነበበው። ፀደይን ማታ የሚጠብቃት ገበታ ታያት፤ ሦስቱ ድምፆች፣ ወጡ፣ ሃያው ቃል። ከዚህ ከወጣች ሌላ የሚሰማት የለም።

ሙሉሃብት ግን እንዲህ ላለው ነገር የሰለጠነ ሰው ነው። «ክቡራን አባላት፣ ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ግምገማ አለን። አጀንዳ፦ የፀደይ ድራማ። መቅረት አይቻልም።»

ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ሁሉም ተገኘ። «ፀደይ፣ ግለ ሂስ አቅርቢ።»

ጻፈች፤ አጠፋች፤ ደግሞ ጻፈች። «እውነቱን ነው። መብራት ከጠፋ ወዲህ ያለው ሁሉ ከራሴ ነው። አላየሁም ብል ነገ ማንም አይጠይቀኝም ብዬ ፈርቼ ነው። ይቅርታ አድርጉልኝ።»

«ግለ ሂሱ ጥልቀት ይጎድለዋል» አለ ሙሉሃብት። «ትውጣ የምትሉ፣ ይህን ጽሑፍ ላይክ አድርጉ።»

አንዲት ላይክ ታየች። የራሱ የሙሉሃብት ነበረች። ፀደይ ሁለተኛዋን ጠበቀች።

«ጥያቄ አለኝ» አለች ባንቺዓለም።

«ለመድረኩ?» አለ ሙሉሃብት።

«ለፀደይ። እታለም፣ ድንጋይ ነው እኮ። ባሕር ላይ ሲያወርዱት አይሰምጥም? ሦስት ቀን ሙሉ አስጨነቀኝ።»

«ከአጀንዳ ውጭ ነው!»

«ኧረ ጋሼ፣ አጀንዳውማ እሱ ነው!» አለ ወንዴ። «እኔም እንቅልፍ አጣሁ።»

ትንሽ ቆይቶ የአብስራ ብቅ አለ። «እናንተ ጋ ጠበቃው የት ሄደ? ለማወቅ ያህል ነው።»

ይሄኔ ማሽኑ ጉርር ብሎ ነቃ፤ መብራት መጣ። ሰፈሩ እልል አለ። ከጎን ካለው ምግብ ቤት ቴሌቪዥኑ ጮኸ፤ የድራማው ድጋሚ ነው፣ የሠርግ ሙዚቃ። የምግብ ቤቷ ልጅ በሩ ላይ ብቅ ብላ «ፀዲ፣ ነይ! ነጭ ለብሳለች፣ ልታገባ ነው!» አለች። ፀደይ አንገቷን እንኳ አላዞረችም። ውጭ ጉሙ ከቆላው ተነሥቶ ወደ ላይ እየወጣ ነበር፤ ከበታች ያሉት ቤቶች ጣሪያ በጣሪያ፣ ቀስ እያሉ፣ ይጠፋሉ።

«አያወርዱትም» ብላ ጻፈች። «ጀልባው ካለበት ንቅንቅ አይልም። ባሕሩ ነው የሚመጣለት። ሁለቱ ውስጡ ተቀምጠው እየጠበቁ ነው። ጠበቃውም ሊከስ ሲወጣ መንገድ ጠፍቶት ከኋላቸው ተሳፍሯል።»

ያቺ አንዲት ላይክ ብልጭ ብላ ጠፋች። ማን እንዳነሣት ማንም አልጠየቀም።

ከዚያ ከብልባላ መልእክት ገባ።

«ባሕሩ እኛ ጋ ደርሷል፣ እታለም። የጤና ኬላውን በር አልፎ ገብቷል። ካፖርቷን ትቆልፍ በይልኝ፤ ይበርዳል።»