ጸደንያ ያጠበችው መቃብር

ጸደንያ ጃፓን ለትምህርት በቆየችባቸው ዓመታት ቤት ያከራዩዋት ኦካዳ የሚባሉ ባል የሞተባቸው ሴትዮ ነበሩ። ጫማ በር ላይ አውልቆ መግባቱን፣ ቆሻሻ እየለዩ በየቀኑ መጣሉን፣ ጎንበስ ብሎ ሰላም ማለቱን እንደ እናት ሆነው አስተማሯት። ለጎንበሱ እንኳ አልተቸገረችም፤ የቄስ ልጅ ናት።

በፍልሰታ ሰሞን ጃፓኖች ኦቦን የሚሉት በዓል አላቸው። የሙታን ነፍስ ወደ ቤቷ ትመለሳለች ስለሚሉ ባቡሩ ሁሉ አገሩ በሚገባ ሰው ይጨናነቃል። ኦካዳም ጸደንያን አስከትለው ወደ ባላቸው መቃብር ሄዱ። ድንጋዩን ውሃ እያፈሰሱ በብሩሽ አሹት፤ አበባ አኖሩ፤ ሟቹ የሚወዱትን ቢራ ከፍተው አስቀመጡላቸው። ከዚያ ዞር አሉና፣

«የአባትሽንስ ማን ያጥበዋል?» አሏት።

«እኔ ነኝ፤ አገሬ በገባሁ ቁጥር።»

ውሸቷን ነው። አባቷ ቄስ ኪዳነ ማርያም ሲሞቱ አልመጣችም። ለሙት ዓመታቸውም «ፈተና ላይ ነኝ» ብላ ለእናቷ ደወለች። ፈተና ግን አልነበረም፤ በዓላት ተደራርበው ትምህርት የተዘጋበት ሳምንት ነበር። እሷም ከጓደኞቿ ጋር ባሕር ዳርቻ ላይ ነበረች።

ትምህርቷን ጨርሳ አገሯ መካነ ሰላም በገባች በመጀመሪያው እሑድ፣ ቅዳሴ እንዳለቀ፣ እናቷ ወይዘሮ አመለወርቅ ከሰው ጋር ሰላምታ ሲለዋወጡ ጄሪካንና ብሩሽ ይዛ ሹልክ አለች። መቃብሩ የት እንደሆነ አታውቅም፤ ለመጠየቅ ደግሞ አፈረች። የአባቷ ዘመዶች ያረፉት ከግቢው ጽድ ዛፍ ሥር ነው። እዚያ አዲስ ሲሚንቶ የተለሰነ፣ ጽሑፍ የሌለው አንድ መቃብር አየች። ይሄው ነው ብላ ተንበረከከች። አረሙን ነቀለች፣ ሲሚንቶውን አጠበች፣ «አባባ፣ ይቅር በሉኝ» እያለች ስቅስቅ ብላ አለቀሰች። የሚያልፈው ሰው «ወልዶ መሞት እንዲህ ነው!» እያለ መረቃት።

«ልጄ፣ ባሌን ከየት ታውቂዋለሽ?»

ቀና ስትል አንዲት አሮጊት ቆመዋል።

«ይሄ… የቄስ ኪዳነ ማርያም አይደለም?»

«የኔው ንጉሡ ነው እንጂ! እሳቸውማ ከቤተ ልሔሙ ጀርባ ናቸው። ምናቸው ነሽ?»

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት በወደደች። «ልጃቸው» አለች፣ በማይሰማ ድምፅ።

ይስቁብኛል ብላ ነበር። አሮጊቷ ግን፣ እማማ ፈንታዬ ይባላሉ፣ እጇን ይዘው አስነሷት። «አብሽሪ። ነይ ላሳይሽ።»

እናቷ ከአባቷ መቃብር አጠገብ ተቀምጠው ይጠብቋት ነበር። «የት ጠፋሽ?» አሏት።

እማማ ፈንታዬ ቀደሙ። «የእኔን ሰውዬ መቃብር ስታጥብልኝ አገኘኋት! ልጅ የለኝ፣ ማን ያስበዋል ስል። ምን ያለች ልጅ ነው ያሳደግሽው፣ አመለወርቅ!»

የእናቷ ፊት በራ። «ድሮም እንዲህ ናት። ለሙት ዓመቱ እንኳ ያ ፈተና ይዞብኝ ነው የቀረችው። ካህናቱን ሁሉ ‹ጸልዩላት› ብያቸው፣ ሲጸልዩላት ነው የዋሉት።»

ጸደንያ እውነቱን ልትናገር ፈለገች። እናቷ ፊቷን እንዳያዩት አጎንብሳ ከአባቷ እግርጌ አረም መንቀል ጀመረች።

«ተይው ልጄ፣ ደክሞሻል» አሏት እናቷ።

አልተወችም።