ኮርማ ያልፈለገችው ላም

የሴትየዋን ባል ሰፈሩ ሁሉ «ምሰሶ» ነበር የሚለው። ማለዳና አመሻሽ ላይ የበረቱን አጥር ተደግፎ፣ ሥራ እንደፈታ ሰው ላሞቹን ሲያይ ይቆማል። ሚስቱ እበት ዝቃ፣ መኖ አድላ፣ ባልዲ ተሸክማ ስትመለስ እሱ እዚያው ነው። ላም በዓይን አትታለብም እያለች ብትነዘንዘው ፈገግ ይላል። አንዳንዴ ግን ድንገት ከአጥሩ ይላቀቅና የከብት አዳቃዩን በስልክ ይጠራል። አዳቃዩ የኮርማ ዘሩን ይዞ በሞተር ብስክሌት ከተፍ ይላል፤ ላሟም አብዛኛውን ጊዜ በአንዴ ፅንስ ትይዛለች። ሚስትየው የአዳቃዩ እጅ ቅን ነው ትል ነበር።

ባልየው በመጨረሻ ያስዳቀላት ዳልቻዋን ላም ነበር። ብዙም ሳይቆይ ታሞ ተኛ። አልጋ ላይ ሆኖ ስለ ዳልቻዋ አንድ ነገር ሊላት ሲጀምር፣ «አሁን የከብት ሐሳብ ተውና ለራስህ አስብ» ብላ አስቆመችው። እሺ አላት። ከዚያ አልጋ አልተነሣም።

ሐዘኑ ሳይወጣላት በረቱ ይከዳት ጀመር። አንዷ ላም ነጠፈች፣ ሌላዋም ተከተለች። ኮርማ ፈልገዋል ብላ አዳቃዩን ብታስጠራም አንዷም አልያዘች። ንዴቷን በእሱ ላይ አወረደችው፤ እጅህ ተበላሽቷል፣ የምታመጣውም ዘር የሞተ ነው አለችው። የባሏ ወንድም ደግሞ ዳልቻዋን አነሣባት። ይቺ እንኳን ልትይዝ ጭራሽ ኮርማም አልፈለገች፣ መካን ስትቀልቢ ልትኖሪ ነው? ሽጫት አላት። አዳቃዩ ሳትሸጥ በእጄ ልመርምራት ብሎ ለመናት። ካንተ እጅ ያገኘሁት ይበቃኛል ብላ መለሰችው።

ዳልቻዋ ለሉካንዳ ነጋዴው ተሸጠች።

በማግስቱ ነጋዴው ራሱ መጣ። ቆቡን አውልቆ ደጃፉ ላይ ቆመ።

«እትዬ፣ ከሌላ ሰው ከሚሰሙት ብዬ ነው። ላሟ ባዶ አልነበረችም።»

«ምን ማለትህ ነው?»

«ስትታረድ ሆዷ ውስጥ ጥጃ ነበራት። መልኳ ሁሉ የወጣላት፣ ሴት።»

ሴትየዋ አጠገቧ የነበረውን ባልዲ ደፍታ ተቀመጠችበት። አላለቀሰችም። ሰውየው ሲሄድም ቀና ብላ አላየችው።

አዳቃዩን ያስጠራችው ከሰነበተች በኋላ ነው። ያን ጊዜ ጠብም ጉልበትም አልነበራትም።

«ታዲያ ኮርማ ያልፈለገችው ለምንድን ነው?» አለችው።

«ስለያዘች ነው፣ እትዬ። ያረገዘች ላም ኮርማ አትፈልግም።»

ልመርምራት ብዬ ነበር ማለት ይችል ነበር፤ አላለም።

«የቀሩትስ?»

«እኔ እጄ ያው ነው። የምመጣው ሲጠሩኝ ነው። ላም ኮርማ ስትፈልግ ምልክቱ ቶሎ ያልፋል፤ እርስዎ የሚጠሩኝ ካለፈ በኋላ ነው። ጋሼ ግን አንድም ቀን አልዘገዩብኝም። አይተው ነበር የሚጠሩኝ።»

ሴትየዋ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ዕድሜ ልኳን ሥራ ፈት ያለችው ሰው የቤቱን እንጀራ ሲጠብቅ ኖሯል። ሊላት የፈለገውንም በገዛ አንደበቷ አስቀርታለች።

ከቀሩት ከብቶች ሁለቱን ሸጠች፣ አንዲት ጊደርና አንዲት አሮጊት ላም አስቀረች። ማየትም ተማረች። ስታጠፋ፣ እንደገና ስትጠብቅ፣ ቀስ በቀስ የትኛዋ እንደተቁነጠነጠች፣ የትኛዋ ሌላዋ ስትወጣባት ዝም ብላ እንደቆመች ለየች። ከብዙ ጊዜ በኋላ አዳቃዩ ጊደሯን መርምሮ እጁን አወጣና፣ «ይዛለች» አላት።

ሴትየዋ በደስታ ባሏን ልትጠራ ወደ ቤቱ ዞራ አፏን ከፈተች። መልሳ ገጠመችው።

ለአዳቃዩ እጁን ሊታጠብ ውኃ ታፈስለት ጀመር። እጁ ከጠራ ቆይቷል፤ ውኃው ጫማው ላይ ይወርዳል። እሷ አላየችም። እሱም በቃኝ አላላትም።