ያልፈላው ውሃ

ባሕሩ ላይ ከተዘረጉት የመረብ በረቶች በሦስተኛው የነበሩት ሳልሞኖች ተረጋግተው አለቁ። አንዳቸውም አልተራገጡም፤ ውሃውንም በጅራታቸው አልመቱም። መረቡ ውስጥ ተደራርበው አፋቸውን እንደከፈቱ፣ ጸጥ እንዳሉ ሞቱ።

ያረጋጋቻቸው ቴጋን ነበረች። ሆባርት ከተማ ባለው ዩኒቨርሲቲ የተማረችው ይህንኑ ነው። ትሪፕቶፋን የሚባለው አሚኖ አሲድ መኖው ላይ ሲጨመርለት ዓሣ ይረጋጋል፤ መረብ ሲነሳበትም ሆነ የሰው እጅ ሲነካው አይደነግጥም። ድንጋጤ ደግሞ ዓሣን ከበሽታ ባልተናነሰ ይገድላል። የሳልሞን እርሻው ባለቤት የሆነችው የእናቷ እህት ሎርና፣ የባሕር ወሽመጡ ሰው ሁሉ እየሳቀባት፣ ዘንድሮ ዓሣ ያለባቸውን ሁለቱን በረቶች፣ ሦስተኛውንና አራተኛውን፣ ለሙከራው ሰጠቻት።

በበጋ ውሃው ሲሞቅ ዓሣ የሚተነፍስበትን ስንጥብ የሚያጠቃ ተውሳክ ይነሳል፤ መድኃኒቱም ጨው የሌለው የወንዝ ውሃ ነው። መረቡ ከታች ይነሳል፣ ዓሦቹ ይጠባባሉ፣ ከዚያ የወንዝ ውሃ ወደተሞላ ትልቅ ሸራ ይገለበጣሉ። ሦስተኛው በረት ትናንት የታጠበው እንዲህ ነበር። ሸራው ውስጥ የገባው ግን አብዛኛው ሬሳ ነው።

አሁን የቀረው አራተኛው ነው። ውሃ ያመጣችው ታንከር ጀልባ እኩለ ቀን ላይ ወደ ሌላ እርሻ ትሄዳለች፤ ቶሎም አትመለስም።

«ዛሬ ካልታጠቡ ያልቃሉ» አለች ቴጋን። የሠራተኞቹ ሻይ ቤት ውስጥ ከነቦት ጫማዋ ቆማለች። «ጠዋት ጥቂቶቹን አውጥቼ አየሁ። ስንጥባቸው በነጭ ዝልግልግ ተሸፍኗል።»

ሎርና ፊቷ የቀረበውን የሥጋ ፓይ አልነካችውም። «የታጠቡትስ አለቁ አይደል እንዴ፣ ልጄ? ያንቺ መኖ ሆዳቸው ውስጥ እያለ አላስነካቸውም። አንድ ሳምንት ይቆዩና ይውጣላቸው።»

«በሳምንቱ የምታጥቢው ዓሣ አይኖርሽም፣ አክስቴ!»

መስኮቱ ጋ የተቀመጠው ሜርቭ ፍርፍር ብሎ ሳቀ። የመረቡ አለቃ እሱ ነው፤ ቴጋን ከመወለዷ በፊት ጀምሮ በዚህ ወሽመጥ መረብ ሲያስነሳ ኖሯል። «ዶክተራችን ትናንትም እንዲሁ እርግጠኛ ነበረች። ለዓሣ ማስታገሻ ሰጥታ ቀብር ታሰናዳለች። ሎርና፣ ሻይሽን ተጠንቀቂ።»

«ማስታገሻ አይደለም። ሥጋ ውስጥ ያለ ነገር ነው። የምትበላው ፓይ ውስጥም አለ።»

«ታዲያ እኔ ለምን አልተረጋጋሁም?»

ቴጋን ለመሳቅ ጊዜ አልነበራትም። «ትናንት መረቡን እስከ የት አነሳኸው?»

«እንደ ሁልጊዜው።»

«እንደ ሁልጊዜው ማለት እስከ የት ነው?»

«እስኪፈላ ነዋ! ውሃው በዓሣ መራገጥ ሲፈላ ታቆሚያለሽ፤ መረቡን ትንሽ ታላያለሽ። ይሄን ደግሞ ወሽመጡ ውስጥ የማያውቅ ሕፃን የለም።»

«ትናንትስ ፈላ?»

ሜርቭ የፓዩን ፍርፋሪ ከጢሙ ላይ ጠረገ።

«አልፈላም» አለ። «ጠበቅኩ፣ ዝም አለ። ገና ቦታ አላቸው ብዬ አስነሳሁ። አሁንም ዝም። ደግሜ አስነሳሁ።»

ቴጋን አሁን ገባት። ያልደነገጠ ዓሣ አይራገጥም፤ አየር ግን ያልቅበታል። እዚህ ሰው ሁሉ መረቡ መጥበቡን የሚያውቀው በዓሣው መራገጥ ነው። እሷ ያንን ምልክት አጥፍታ ለማንም አልተናገረችም፤ ለመናገርም አላሰበችም። ዩኒቨርሲቲ እያለች ከእያንዳንዱ ገንዳ ጎን መለኪያ ነበር። እዚያ የውሃውን ፊት አይቶ የሚፈርድ ሰው አልነበረም።

«እንግዲህ» አለ ሜርቭ ቀስ ብሎ፣ «አፋቸውን ለጉመሽ ስታበቂ፣ ‹ያማችኋል ወይ?› ብዬ እንድጠይቃቸው ነው የላክሽኝ።»

«አዎ።»

ሎርና ዓይኗን ጨፈነች።

«ስለዚህ ዛሬ በኦክስጅን መለኪያ እንሥራው» አለች ቴጋን። «የኦክስጅኑ ቁጥር ወርዶ ወደ ስድስት ሲጠጋ መረቡን ታላላለህ። እስኪፈላ አትጠብቅ። ቦታና አየር ካገኙ ከየትኛውም ዓሣ የተሻለ ይታጠባሉ። እባክህ፣ ሜርቭ።»

«በዚህ ዕድሜዬ ቁጥር እያየሁ መረብ አላስነሳም።»

«እኔ ላስነሳ?»

«አንቺን ማን ሰምቶሽ! መረብ ሳቢዎቹ ልጆች ከትናንት ጀምሮ ሬሳ ሲያፍሱ ነው የዋሉት። ግማሾቹ እሷ መርዛቸው ነው ይላሉ። ግማሾቹ ደግሞ…»

«ግማሾቹስ ምን ይላሉ?» አለች ሎርና።

«ሜርቭ ጃጅቷል ይላሉ። ትናንት ማታ ቡና ቤት በጆሮዬ ነው የሰማሁት።»

ሬዲዮው ተንኮሻኮሸ። የታንከሯ ካፒቴን ቱቦውን ይጠቅልል እንደሆነ ጠየቀ። ሎርና ሬዲዮውን አንስታ «ትንሽ ታገሠኝ» አለችውና ወደ ሜርቭ ዞረች። «ከዚያ በረት ሌላ ምንም አልቀረኝም። እሱ ካለቀ እዘጋለሁ፤ አንተም ወደ ቤትህ ነህ።»

ሜርቭ ፓዩን ወደ ጎን ገፋ። «በመለኪያው እሠራለሁ። መጀመሪያ ግን እሷ ወጥታ ትንገራቸው። ‹እንዳይፈሉ ያደረግኳቸው እኔ ነኝ፣ ለሜርቭ አልነገርኩትም፣ ጥፋቱ የኔ ብቻ ነው› ትበል። ያ የመኖ ፋብሪካው ሰውዬም እየሰማ።»

የመኖ ፋብሪካው ሰውዬ ውጭ፣ ወደ ጀልባዎቹ በሚያወጣው ድልድይ ላይ ስልኩን ይነካካል። የቴጋንን ትምህርት የሚከፍለው ፋብሪካው ነው። ከራሷ አፍ ያንን ከሰማ ሙከራው ዛሬውኑ ያበቃል፤ ዲግሪውም አብሮት።

ቴጋን መደርደሪያውን አየች። የኦክስጅን መለኪያው እዚያ ነው። ትናንት ጠዋት «ውሃው ውስጥ ክተተው» ብላ ለሜርቭ በእጇ የሰጠችው እሷ ናት። የታሸገበት ላስቲክ እንኳ አልተቀደደም። ይህን ብትናገር አንድ ዓረፍተ ነገር አይሞላም። ሜርቭን ግን ታውቀዋለች፤ ጓንቱን ወርውሮ ይሄዳል፣ ልጆቹም ይከተሉታል፣ ታንከሯም ትሄዳለች። ሎርናም መደርደሪያውን አይታለች። አሁን ዓይኗን የእህቷ ልጅ ላይ ተክላለች።

«መለኪያው…» አለች ቴጋን።

«መለኪያው ምን?» ሜርቭ ጆሮው ቀላ።

ቴጋን አንስታ ላስቲኩን በጥርሷ ቀደደችው፤ አብርታም እጁ ላይ አስቀመጠችለት። «ባትሪው ሙሉ ነው። ከስድስት በታች እንዳይወርድ።»

የጃኬቷን ዚፕ እስከ አንገቷ ሳበች። ውጭ፣ ብርቱካንማ ቱታ የለበሱት ሠራተኞች አጥሩ ላይ ተቀምጠው ያጨሳሉ። የፋብሪካው ሰውዬ ቀና ብሎ በመስኮቱ አያት።

ልትነግራቸው ወጣች፤ በሩንም ከኋላዋ ዘጋችው።