የሁለት ጥጆች እግር

ዳለቻዋ ላም ማማጥ ከጀመረች ሦስት ሰዓት አልፏታል። ሁለት ሰኮና ብቅ ብሏል፤ ከዚያ ወዲህ ግን የጣት ያህል እንኳ ፈቀቅ አላለም። የላሚቱ ባለቤት የሆነችው ሴት ዋርሳ፣ የባሏ ወንድም፣ ሁለቱን እግሮች በገመድ አስሮ፣ ተረከዙን በበረቱ ግንድ ላይ ተክሎ ይጎትታል። ጎረቤታቸው አናጺው ከኋላው ሆኖ ያግዘዋል።

ሴትየዋ የላሚቱን ጭራ ይዛለች። አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ የያዘችው ይህንኑ ነው። ላም በምጥ ስትቸገር የሰፈሩ ሰው የሚጠራው ባሏን ነበር። እጁን እስከ ብብቱ ይሰድና ዓይኑን ጨፍኖ ያገኘውን ሁሉ ጮክ ብሎ ይናገራል፤ «ይሄ ጉልበት፣ ይሄ ትከሻ፣ አሃ! አንገቱን አዙሮ ተኝቷል ተንኮለኛው።» እሷ ጭራ ይዛ ትሰማለች። የራሷን እጅ ግን አንድ ቀን እንኳ አስገብታ አታውቅም። ባሏ ከሞተ ሦስት ወሩ ነው።

ላሚቱ ጉልበቷ ከዳትና በጎኗ ተዘረጋች። ዋርሳዋ ገመዱን ለቀቀ።

«በቃ፣ አልሆነም። ሳትሞት ብትታረድ ይሻላል።»

«አትታረድም።»

«እትዬ፣ እኔ ጨክኜ መሰለሽ? ወንድሜ ቢኖር ኖሮ...»

«ቢኖርማ ገመድ ከመፈለጉ በፊት እጁን ያስገባ ነበር።»

አናጺው ሳቁን በሳል ሸፈነ። «እውነቷን ነው። እኔስ በር አልዘጋ ሲለኝ መጀመሪያ ማጠፊያውን አያለሁ እንጂ በእርግጫ አልለውም።»

«አንተ ደግሞ! ላም በር አይደለችም» አለ ዋርሳዋ። ቢላውን ሊያመጣ ወደ ቤት ሄደ።

ሴትየዋ አጎንብሳ ሰኮናዎቹን አየች። የአንደኛው መርገጫ ወደ ላሚቱ ሆድ፣ የሌላኛው ወደ ጀርባዋ ዞሯል። ጠዋቱን ሙሉ ዓይኗ ሥር ነበሩ። እጅጌዋን ጠቅልላ ክንዷን በሳሙና ታጠበች፤ ዘይት ቀባችና አስገባች። ውስጡ ያቃጥላል። ባሏ ስለ አጥንቱ ሁሉ ነግሯታል፤ ስለዚህ ሙቀት ግን ምንም አላላትም።

አንዱን እግር በእጇ ተከትላ ወደ ውስጥ ዘለቀች። ጉልበት፣ ትከሻ፣ ደረት። ከደረቱ ወደ ሌላኛው እግር ልትሻገር ፈለገች፤ መሻገሪያ የለም። ያኛውን ለብቻው ተከተለችው። መጨረሻው ላይ ያገኘችው ጭራ ነው።

«መንታ ናቸው» አለች። «ሲጎተት የነበረው የአንዱ የፊት እግርና የሌላው የኋላ እግር ነው።»

ቢላውን ይዞ የተመለሰው ዋርሳዋ በሩ ላይ ቆመ።

ገመዱን አስፈታች። በኋላ እግሩ የመጣውን ጥጃ፣ ምጡ ፋታ በሰጠ ቁጥር በመዳፏ ወደ ውስጥ ገፋችው። ከዚያ የፊተኛውን ጥጃ የታጠፈ ሌላ የፊት እግር ፈልጋ፣ ሰኮናው ማህፀኑን እንዳይቀድ በእፍኟ ሸፍና ሳበችው። ክንዷ ደንዝዞ የራሷ አልመስል አላት።

«አሁን እሰር። ስታምጥ ብቻ ሳብ፣ ስታርፍ እረፍ።»

«እሺ እትዬ» አለ ዋርሳዋ። ቢላውን መሬት ላይ አስቀምጦ ገመዱን አነሳ።

በአራተኛው ምጥ ጭንቅላቱ ወጣ፤ ቀሪው አካል ተከትሎ ዝርግፍ አለ። አናጺው የጥጃውን አፍንጫ ጠርጎ ደረቱን በጭድ ሲያሸው ጥጃው አስነጠሰ። ሁለተኛው በኋላ እግሮቹ መጣ። ቶሎ ነው ያወጡት፤ ግን አልተነፈሰም። ሲጎተት የዋለው እግሩ አብጧል።

ላሚቱ ሁለት ጊዜ ሞክራ ወደቀች፤ በሦስተኛው ቆመች። አንድ ባልዲ ውሃ ሳትተነፍስ ጨልጣ በሕይወት ያለውን መላስ ጀመረች። ዋርሳዋ የሞተውን በማዳበሪያ ጆንያ ጠቅልሎ አነሳ።

«ሳታየው ልውሰደው፤ እንዳይከፋት።»

«አይሆንም። ፊቷ አስቀምጠው።»

«ምን ያደርግላታል?»

«እኔ እንጃ። አስቀምጠው ብቻ።»

ጆንያውን ፈታና አስቀመጠው። ላሚቱ አሸተተችው፤ ጆሮውን ሁለት ጊዜ ላሰች። ጠበቀች። እንደገና አሸተተችና ፊቷን ወደ ሌላኛው መለሰች።

«አሁን ውሰደው» አለች ሴትየዋ።